መቶኛው ቀን ላይ ወሎ የሚገባው ታማሚ፣ አስታማሚውስ በምን ይደገፍ?

የስቴም ሴል ንቅለ ተከላ፣ ብዙ ሰው የመቅኔ ንቅለ ተከላ የሚለው፣ ያደረገ ሰው ከሆስፒታል ሲወጣ ህክምናው አለቀ ማለት አይደለም፣ ስራው ቤት ላለ ሰው ተላለፈ ማለት ነው። ያ ሰው አስታማሚው ነው፤ እናት፣ ሚስት፣ ወንድም፣ አንዳንዴ ገና ትምህርቷን ያልጨረሰች እህት። ውጭ አገር እነዚህን ሰዎች የሚያግዙ የስልክ አፖች፣ እጅ ላይ የሚታሰሩ መለኪያዎች፣ በቪዲዮ የሚሰጡ የምክር አገልግሎቶች ከተሰሩ ቆይተዋል፣ ጥናትም ተሰርቶባቸዋል። እኔ ማንሳት የፈለኩት ግን እነዚህ ነገሮች ደሴ፣ ወልዲያ፣ ከሚሴ ወይ መካነ ሰላም ያለ አስታማሚ እጅ ቢገቡ ምን ያክል ይሰራሉ የሚለውን ነው። ምክንያቱም በብዛት የታሰቡት ለመጀመሪያዎቹ መቶ ምናምን ቀናት ነው፣ የኛ ሰው ደግሞ እነዛን ቀናት የሚያሳልፈው ህንድ ወይ ቱርክ ሆስፒታሉ አጠገብ ክፍል ተከራይቶ ነው። መሳሪያው ስራዬን ጨረስኩ ሲል የኛ ሰው አውሮፕላን ተሳፍሮ አገሩ ይገባል፣ የኛ ችግርም ከዛ ነው የሚጀምረው።

መጀመሪያ ህክምናውን እንረዳው። የደም ካንሰር ያለበት ወይ መቅኔው ደም ማምረት ያቆመ ሰው በከባድ ኬሞ፣ አንዳንዴም በጨረር፣ የታመመው መቅኔው እንዲጠፋ ይደረግና አዲሱ ስቴም ሴል፣ ማለትም ደም የሚያመርተው እናት ሴል፣ ልክ ደም እንደሚሰጠው በቱቦ በደም ስሩ ይገባለታል። የሚቀደድ ነገር የለም። ሴሉ ከራሱ ከታማሚው ቀድሞ ተወስዶ የተቀመጠ ሊሆን ይችላል፣ ወይ ደግሞ ከለጋሽ። ከአንድ እናትና አባት የተወለዱ ወንድምና እህት በህብረ ሕዋስ አይነት ከታማሚው ጋር ሙሉ በሙሉ የመግጠም እድላቸው ለእያንዳንዳቸው 25 በመቶ ነው፣ አሁን አሁን ግማሹን ብቻ ከሚገጥም ወላጅ ወይ ልጅም ይወሰዳል። ዶናል ቶማስ የሚባል አሜሪካዊ ሀኪም በ1957 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ ሙከራዎቹን አሳተመ፣ በ1990 ደግሞ በዚሁ ስራው የኖቤል ሽልማት ወሰደ። በ2012 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ በዓለም ላይ የተሰራው ቁጥር 1 ሚሊዮን ደርሶ ነበር፣ ስለዚህ አዲስ ነገር አይደለም፣ ለኛ ነው ሩቅ የሆነው።

አዲሱ ሴል መቅኔ ውስጥ ገብቶ ስራ እስኪጀምር ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ገደማ ይወስዳል፣ በሽታ የመከላከል አቅሙ በደንብ እስኪመለስ ግን ወራት፣ ለአንዳንዱም ከአመት በላይ ነው። በዛ ጊዜ ለሌላው ሰው ተራ የሆነ ጉንፋን ለሱ ሳንባ ምች ሊሆን ይችላል። ከለጋሽ የተቀበለ ሰው ደግሞ ሌላ ፈተና አለበት፣ የለጋሹ ሴሎች የተቀባዩን ገላ እንደ ባዕድ አይተው ሊያጠቁት ይችላሉ፤ መዳፉና ውስጥ እግሩ ላይ ሽፍታ፣ የማያቆም ተቅማጥ፣ የአይን ቢጫ መሆን ከዛ ይመጣል። ይሄን ለመከላከል ታክሮሊመስ ወይ ሳይክሎስፖሪን የሚባሉ መድሃኒቶች በየ12 ሰዓቱ ይወሰዳሉ፣ ከነሱ ጋር የፈንገስ፣ የቫይረስና የባክቴሪያ መከላከያዎች ይጨመራሉ። አንድ ሰው በቀን ደርዘን ክኒን ቢውጥ የሚገርም አይደለም።

ይሄን ሁሉ የሚይዘው አስታማሚው ነው። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሆስፒታሎች 24 ሰዓት አብሮ የሚሆን አስታማሚ በስም ካልተመዘገበ ከለጋሽ የሚደረገውን ንቅለ ተከላ አይጀምሩም፣ ለመቶ ቀን ያክልም ከሆስፒታሉ ብዙ ሳይርቁ እንዲኖሩ ይጠይቃሉ። ሙቀት መለካት፣ ክኒን መቁጠር፣ ደረት ላይ ያለውን የመድሃኒት መስጫ ቱቦ በንጽህና መያዝ፣ ምግቡን ማብሰል፣ ምን ያክል እንደጠጣና ስንቴ ሰገራ እንደተቀመጠ መጻፍ፣ ቆዳውን ማየት። ሙቀቱ 38 ከደረሰ ወዲያው መደወል። ነርስ ሶስት አራት አመት ተምራ የምትሰራውን ስራ አንዲት እናት በሁለት ሳምንት ገለጻ ተረክባ ሌት ተቀን ትሰራዋለች፣ ያውም የምትጠብቀው የራሷን ልጅ ነው።

እንግዲህ ይሄን አይተው ነው ውጭ ያሉት አንዳንድ ነገር የሰሩት። ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ሀኪሞች መጀመሪያ ለሆስፒታል ቆይታ የሚሆን ሮድማፕ የተባለ የአይፓድ አፕ ሰሩ፣ አስታማሚው የላቦራቶሪ ውጤቱን፣ የመድሃኒት ዝርዝሩን፣ የሚያክሙትን ሰዎች ማንነት፣ ከሆስፒታል ከመውጣቱ በፊት ማወቅ ያለበትን ነገር እዛው ያያል። ቀጥለው ያመጡት ሁለተኛው ደግሞ ወደ ስልክ ወረደና የአስታማሚውን የራሱን ስሜት መጠየቅ ጀመረ፣ ታማሚውም አስታማሚውም ፊትቢት የሚባለውን የእጅ መለኪያ አስረው እንቅልፋቸውና እርምጃቸው ይቆጠራል፣ አፑ ውስጥ ደግሞ ምስጋና መጻፍ፣ ደስ የሚል ነገር በቀኑ ውስጥ ማቀድ አይነት ልምምዶች አሉ። ቦስተን ማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ያሉት በበኩላቸው ስድስት ክፍለ ጊዜ ያለው ለአስታማሚ ብቻ የሆነ የምክር ፕሮግራም አዘጋጅተው በአካል፣ በስልክ ወይ በቪዲዮ ሰጡ፣ በጥናታቸውም አስታማሚዎቹ ላይ የነበረው ሸክም፣ ጭንቀትና ድብርት ቀንሶ ተገኘ፣ ከዛ እሱኑ ወደ አፕ ቀየሩት። ብብት ስር ተለጥፎ ሙቀትን ያለማቋረጥ ወደ ስልክ የሚልክ ፓችም አለ።

ከነዚህ ሁሉ እኔ ትልቁ የምለው ቴክኖሎጂው አይደለም። አስታማሚው ራሱ የሚጠየቅ ሰው ነው ብለው መነሳታቸው ነው። እኛ ጋር ጠያቂ ሲመጣ አልጋው ላይ ያለውን ነው የሚያየው፣ አጠገቡ የተቀመጠችው ሴትዮ ከሳች ወይ ተኛች ብሎ የሚጠይቅ ብዙ የለም፣ ሀኪሙም ቢሆን መድሃኒቱን በሰዓቱ ሰጠሽው ወይ ነው የሚላት።

ግን አፖቹ እንዳሉ ቢመጡ አይሰሩም፣ ምክንያቱን ልዘርዝር።

አንደኛ እነዚህ መሳሪያዎች አስታማሚ ሲሉ አንድ ሰው ነው የሚያስቡት፣ ስሙ የተመዘገበ፣ የራሱ ስልክ ያለው፣ የሚያነብ፣ የሚወስን። የወሎን ቤተሰብ እዩት እስቲ። ብሩን የምትልከው ጅዳ ወይ ሪያድ ሰው ቤት የምትሰራ እህት ናት፣ በኢሞ ነው የምታየው። ህንድ ድረስ አብሮ የሄደው ወንድም ነው፣ የህንድ ህግ ለአንድ ታማሚ እስከ ሁለት አጃቢ ነው ቪዛ የሚሰጠው፣ ስለዚህ ከሰፊው ቤተሰብ አንድ ሁለቱ ብቻ ይሄዳሉ፣ ብዙ ጊዜም የሚሄደው እንግሊዝኛ የሚችለው ነው እንጂ ማስታመም የሚችለው አይደለም። አገር ቤት ሲመለሱ ደግሞ መርሳ ወይ ሐይቅ ቤት ያለችው እናት ትረከባለች፣ እሷ ገለጻውን ሰምታው አታውቅም። የሚወስነው አባት ወይ ታላቅ ወንድም ነው። ለጋሹም ከነዚሁ አንዱ ነው፣ አንዳንዴ ያው የሚያስታምመው ወንድም ራሱ ነው ሴሉን የሰጠው፣ ታማሚው ላይ ሽፍታ በወጣ ቁጥር የኔ ሴል ነው እንዲህ ያደረገው እያለ የሚብሰለሰል ሰው ማለት ነው፣ ይሄን ሸክም የሚጠይቅ አፕ ብዙ አላየሁም። አንድ ነገር ለአራት ለአምስት ሰው የተከፋፈለበት ቤት ውስጥ ማስታወሻው አንድ ስልክ ላይ ብቻ ቢጮህ ምን ዋጋ አለው? በዛ ላይ ስልኩ የማን ነው የሚለው አለ። ገጠር ውስጥ ብዙ ቤት ስማርት ስልኩ የልጁ ወይ የባልየው ነው፣ ይዞት ገበያ ይሄዳል፣ ክኒኑን የምትሰጠው ሴት ደግሞ ቤት ናት። መልዕክቱ ሰኞ ገበያ ላይ ሲደርስ ክኒኑ ቤት መደርደሪያ ላይ ነው።

ሁለተኛው የሰዓት ጉዳይ ነው፣ ቀላል ይመስላል ግን እኔ ከሁሉም በላይ የሚያሰጋኝ እሱ ነው። የውጭ ሆስፒታል ወረቀት ላይ ታክሮሊመስ 9፡00 ላይ ይላል። ይሄ በኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ወረቀቱን የተረከበችው እናት ግን 9፡00 ስታይ ዘጠኝ ሰዓት ብትል ምን ይፈረድባታል፣ ከሰዓት በኋላ ሆነ ማለት ነው፣ ስድስት ሰዓት ተዛነፈ። በዛ ላይ ህንድ ከኛ በሁለት ሰዓት ተኩል ይቀድማል፣ ስለዚህ ዴልሂ ላይ ጠዋት በነሱ 9፡00 ይወስደው የነበረው ክኒን እኛ ጋር ከንጋቱ 12፡30 ላይ ነው የሚውለው፣ ስልኩ ደግሞ ቦሌ ሲያርፍ ሰዓቱን ራሱ ያስተካክላል፣ አላርሙም አብሮ ይቀየራል፣ ያ ሽግግር እንዴት እንደሚደረግ ሀኪሙ ሳይነግር ከለቀቀ ቤተሰቡ የየራሱን ሂሳብ ይሰራል። ቀጠሮም እንደዛው፣ 10/12 የሚል ቀን በኛ ነሐሴ 10 ነው፣ በነሱ ግን ታኅሣሥ መጀመሪያ ወይ ጥቅምት መጀመሪያ ሊሆን ይችላል። የታክሮሊመስ መጠን በደም ሲለካ ደግሞ የጠዋቱ ክኒን ደሙ ከመቀዳቱ በፊት መወሰድ የለበትም፣ ተወስዶ ከተቀዳ ውጤቱ ከፍ ብሎ ይታይና መጠኑ ያለአግባብ ሊቀነስ ይችላል። በኢትዮጵያ ሰዓትና በኢትዮጵያ ቀን የሚሰራ፣ "ከጠዋቱ" እና "ከምሽቱ" የሚለውን ቃል በድምጽ የሚናገር ማስታወሻ መስራት ለአንድ ጎበዝ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ የመመረቂያ ፕሮጀክት ቢሆን በቂ ነው፣ ብዙ ብር አይጠይቅም።

ረመዳን ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይነሳል። ከፈጅር እስከ መግሪብ ከ13 ሰዓት ስለሚያልፍ በየ12 ሰዓቱ የሚወሰድ መድሃኒት ከጾም ጋር አይገጥምም። በሽተኛ ለመጾም እንደማይገደድ ሼሁም ቄሱም የሚሉት ነገር ነው፣ ግን የታማሚው ልብ ሌላ ነው፣ ቤቱ ሁሉ ጹሞ እሱ ብቻ ሲበላ ይከብደዋል፣ ቀስ ብሎ የጠዋቱን ክኒን ሊተው ይችላል። አስታማሚው ይሄን ከጾሙ በፊት አንስቶ ከሀኪሙም ከሀይማኖት አባቱም ጋር ቢነጋገር ነው የሚሻለው፣ ከረመዳንም ከአብይ ጾምም ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ይሄን የሚያስታውስ መልዕክት ቢኖር ወሎ ውስጥ ከማንኛውም የእርምጃ ቆጣሪ በላይ ይጠቅማል ባይ ነኝ።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፣ ወደ ርቀቱ። መቶ ቀኑ አለፈ ተባለ፣ ቤተሰቡ ብሩም አልቋል፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ከዘመድ፣ ከባህር ማዶ ልጆች፣ በቴሌብር ከማያውቁት ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ነው የሄዱት፣ አንድ ቀን መጨመር አይችሉም። አገር ገቡ። የደም ህክምና ስፔሻሊስት የሚያዩት አዲስ አበባ ነው፣ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከደሴ ወረኢሉ ወይ ቦረና ደግሞ ሌላ መንገድ አለ፣ መንገዱም ክፍት የሆነበት ቀንና ያልሆነበት ቀን አለ። ሌሊት ላይ ታማሚው ተንቀጠቀጠ። ከሆስፒታሉ ቅርብ ለሚኖር ሰው የተሰራ አፕ "38 ከሆነ ወዲያው ወደ ማዕከሉ ይምጡ" ነው የሚለው። የቱ ማዕከል? ባቲ፣ ከሚሴ ወይ ቆቦ ቆላው ላይ ከሆነ ደግሞ ትኩሳት ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው ወባ ነው፣ የወባ መድሃኒት ይሰጠውና ሁለት ቀን ይጠበቃል፣ እውነት ነው ወባም ሊሆን ይችላል፣ መመርመርም አለበት፣ ግን ንቅለ ተከላ ያደረገ ሰው ላይ የወባውን ውጤት እየጠበቁ የባክቴሪያውን ህክምና ማዘግየት ህይወት ያስከፍላል። ብዙ ቤት ቴርሞሜትር የለም፣ በእጅ ግንባር ተዳስሶ ነው ሞቀ አልሞቀም የሚባለው። ፓራሲታሞል ከሱቅ ተገዝቶ ይዋጣል፣ ትኩሳቱ ይደበቃል፣ ኢንፌክሽኑ ግን ውስጥ ለውስጥ ይሄዳል። ስለዚህ ለወሎ አስታማሚ የሚሰራ መሳሪያ የመጀመሪያ ጥያቄው "የት ነህ?" መሆን አለበት፣ ከዛ ተነስቶ ቅርብህ ያለው ሌሊት የሚሰራ፣ በደም ስር አንቲባዮቲክ መጀመር የሚችል ሆስፒታል ይሄ ነው፣ ስትደርስ ይሄን ወረቀት አሳይ ብሎ መምራት። ደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ ወልዲያ፣ ቦሩ ሜዳ አሉ፣ ተረኛው ሀኪም ግን ንቅለ ተከላ ያደረገ ሰው ገጥሞት ላያውቅ ይችላል፣ ጥፋቱም አይደለም።

እዚህ ላይ ነው ስልኩ የምሩን የሚያግዘው፣ መረጃ በመሸከም። ከውጭ የመጣው የህክምና ማጠቃለያ ሃያ ሰላሳ ገጽ እንግሊዝኛ ነው፣ ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ማንም አያነበውም። አንድ ገጽ በቂ ነው፣ ስልኩ ላይ በፎቶ፣ ቦርሳ ውስጥ በወረቀት። ምን ይጻፍበት ለሚለው፣ መቼ ንቅለ ተከላ እንደተደረገ፣ ከማን እንደተወሰደ፣ አሁን የሚወስዳቸው መድሃኒቶች፣ ያከሙት ሀኪም ስልክ፣ ከዛ ደግሞ ሁለት የማይታለፉ ነገሮች አሉ። ደም ካስፈለገው በጨረር የታከመ ደም መሆን እንዳለበት፣ ያለዚያ በተሰጠው ደም ውስጥ ያሉ ነጭ ሴሎች ራሳቸው ሊያጠቁት ይችላሉ። ሌላው የደም አይነቱ ነው፣ ከለጋሽ የተቀበለ ሰው የደም አይነቱ ቀስ በቀስ ወደ ለጋሹ ይቀየራል፣ ድሮ ኦ የነበረው አሁን ኤ ሊሆን ይችላል፣ የድሮ ካርዱን ይዞ ደም ፈላጊ በቴሌግራም ግሩፕ የሚያስነግር ቤተሰብ ይሄን ካላወቀ አደጋ ነው። መድሃኒትም ላይ እንደዛው፣ ፋርማሲ ገብቶ ለሳሉ ክላሪትሮማይሲን የሚባለውን አንቲባዮቲክ መግዛት ለሌላው ሰው ምንም አይደለም፣ ታክሮሊመስ ለሚወስድ ሰው ግን የታክሮሊመሱን መጠን ደም ውስጥ ከፍ አድርጎ ኩላሊቱን ይጎዳዋል። የቲቢው ሪፋምፒሲን ደግሞ በተቃራኒው ያወርደዋል። ዳማከሴ ጨምቆ ማጠጣትም ሆነ ሌላ የባህል መድሃኒት ከመስጠት በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል፣ እናቶቻችን የሚያደርጉት በፍቅር ነው፣ ግን ቀድሞ የነገራቸው ሰው ከሌለ ከየት ያውቁታል።

ኔትወርክ ደግሞ አለ። እኛ ወሎዎች ኔት ይኖራል ብለን እቅድ መያዝ የለብንም፣ በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ህዳር ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ስልክም ሆስፒታልም ምን እንደሆነ አይተናል፣ የደሴ ሆስፒታል ሳይቀር ተዘርፎ ነበር፣ በ2015 መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሲታወጅም በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለወራት ጠፍቶ ቆይቷል። ሁሉን ነገር ኦንላይን ላይ ያስቀመጠ አፕ በዛ ሰሞን ባዶ ስክሪን ነው። ያለ ኔት የሚከፈት፣ ከኔት ይልቅ በመደበኛ ጥሪና በኤስኤምኤስ የሚሰራ ነገር ነው የሚያዋጣው። ማንበብ የማይችል ሰው በድምጽ አይጠቀምም የሚል ካለ ደግሞ የገበሬውን 8028 ይመልከት፣ በ2006 ዓ.ም. የተጀመረ ነጻ መስመር ነው፣ ገበሬው ተራ ባለ ቁልፍ ስልኩን ይዞ ይደውልና በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይ በትግርኛ አንድን ተጫን ሁለትን ተጫን እየተባለ ስለ ዘርና ማዳበሪያ ይሰማል። ስለ ማዳበሪያ ከተቻለ ስለ ትኩሳት የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም።

አሁን ስለ ጠያቂ ላውራ፣ ይሄ ወሎ ላይ ከመድሃኒቱ እኩል ከባድ ነው። ህንድ ሄዶ በህይወት የተመለሰ ሰው ቤት ሰው ይጎርፋል። ቅሬው፣ ሌላው አገር እድር የሚለው፣ አለ፣ ጎረቤቱ አለ፣ ከገጠር በመኪና ተጭነው የሚመጡ ዘመዶች አሉ፣ ዱአ ይደረጋል፣ ጠበል ይመጣል፣ ቡናው አይቆምም፣ ሁሉም ገብቶ ሳይስመው አይወጣም። ሰው መጠየቅ ለኛ ግዴታ ነው፣ ያልጠየቀ ይታዘባል፣ የከለከለም ይታዘባል። በር ላይ ቆማ አይገባም የምትለው ደግሞ አስታማሚዋ ናት፣ ስሟ የሚጠፋው እሷ ናት፣ "ወንድሟን ደበቀችው" ነው የምትባለው። እዚህ ላይ ቴሌግራም ተአምር ሊሰራ ይችላል ብዬ አምናለሁ። የቤተሰብና የቅሬ ግሩፕ ተከፍቶ ሀኪሙ ወይ ነርሷ በድምጽ ሁለት ደቂቃ ብታስረዳ፣ እስከዚህ ወር ድረስ ቤት መግባት አይቻልም፣ የሳለና ያተኮሰው አይምጣ፣ ጥሬ ስጋና ያልፈላ ወተት አይላክ፣ እርጎና አይብም እስኪፈቀድ ይቆይ ብትል ክልከላው ከአስታማሚዋ አፍ ወጥቶ ወደ ባለሙያው ይሄዳል። ታማሚው ራሱ አንድ ደቂቃ በድምጽ "ደህና ነኝ፣ ዱአችሁ ደርሶኛል" ቢል ስንት ሰው ከመንገድ ይመለሳል። የቅሬው ዳኛ ወይ ሼሁ ይሄን ቀድመው ቢናገሩት ደግሞ የበለጠ ይሰማል። ምግብ ሰርቶ በር ላይ ማድረስ፣ ውሃ መቅዳት፣ ከብት መጠበቅ፣ ለትራንስፖርት ማዋጣት የሚፈልግ ሰው ሞልቷል፣ ማን መቼ ምን ያደርጋል የሚለውን ግሩፑ ላይ ማከፋፈል ይቻላል። የውጭዎቹ አፖች ሰው ያጣ አስታማሚን ብቸኝነት ለመቀነስ ነው የሚታገሉት፣ እኛ ጋር ሰው አለ፣ የጎደለው ያንን ሰው ሳይጎዳ እንዲጠቅም የሚያደርግ ስርአት ነው።

ብቸኝነቱ ግን ሌላ መልክ ይዞ ይመጣል። አስታማሚዋ ከቡናው ትቀራለች፣ ከሰርጉ ትቀራለች፣ ለቅሶ አትደርስም፣ ምክንያቱም ከሰው ጉንፋን ይዛ ከመጣች ጥፋቱ የሷ ነው። ሌሊት ትነሳለች ሙቀት ልትለካ። ፊቱ ላይ አታለቅስም። "አብሽር" ስትለው ትውላለች፣ ለሷ አብሽሪ የሚላት የለም። ምስጋና ጻፊ የሚለው የአፕ ልምምድ ለሷ እንግዳ ሊሆን ይችላል፣ ግን ማታ ማታ አንድ የሚያውቃት ሰው ደውሎ ዛሬ በላሽ? ተኛሽ? ማን ተካሽ? ብሎ መጠየቁ እንግዳ አይሆንባትም። በሳምንት አንዴ የሚደወል የድምጽ ጥሪ፣ ሶስት ጥያቄ ብቻ፣ መልሷ እየባሰ ከሄደ ወደ ነርስ ወይ ወደ ሶሻል ወርከር የሚያስተላልፍ፣ ይሄ በቂ ጅምር ነው። እንቅልፍ ያጣ አስታማሚ የክኒን መጠን ይሳሳታል፣ ስለዚህ የሷን እንቅልፍ መጠየቅ የታማሚው ህክምና አካል ነው፣ እንደ ቅንጦት መታየት የለበትም።

የሁሉም ነገር ማሰሪያው ታዲያ በሌላኛው ጫፍ የሚያነሳ ሰው መኖሩ ነው። ብዙ ጊዜ የዲጂታል ጤና ፕሮጀክት ሲባል አፑ ይሰራል፣ ይመረቃል፣ የሚመልስ ሰው ግን አይመደብም። አስታማሚዋ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ 38.4 ብላ ብትጽፍና ጠዋት ድረስ መልስ ባታገኝ አፑ ባይኖር ይሻላት ነበር፣ ቢያንስ ተነስታ ሆስፒታል ትሄድ ነበር። እኔ የሚታየኝ ደሴ ላይ ሁለት ሶስት የሰለጠኑ ነርሶች፣ በፈረቃ የሚያዝ አንድ ስልክ፣ ከጀርባቸው አዲስ አበባ ያሉ የደም ሀኪሞች፣ ካስፈለገም ያከመው የውጭ ሆስፒታል። ይሄ ከተሰራ አፑ ቴሌግራም ቢሆን እንኳ ይሰራል። "ንቅለ ተከላ ያደረገ ስንት ሰው አለ ወሎ ውስጥ፣ ለጥቂት ሰው ብላችሁ?" የሚል ይኖራል፣ ልክ ነው ጥቂት ናቸው፣ ግን ያው መስመር ኬሞ ወስዶ ነጭ የደም ሴሉ የወረደውን ሁሉ፣ ኩላሊት የተተከለለትንም ያገለግላል፣ እነሱም ያው ታክሮሊመስ ነው የሚወስዱት፣ እነሱም ትኩሳት ሲይዛቸው የሚጠብቅ ነገር አይደለም። የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ ኩላሊት ሲተክል ቆይቷል፣ ከዛ ወጥተው ክፍለ ሀገር የገቡ ሰዎች አሉ።

ስለ ትርጉምና ስለ ኤአይ ባጭሩ ልበል። የእንግሊዝኛውን ወረቀት በጉግል ተርጉሞ ወይ ቻትቦት ጠይቆ መረዳት ጀምሯል ሰው፣ ቃላቱን ለመረዳት ምንም አይልም፣ ሚሊ ግራምና ሰዓት ግን ከዛ መወሰድ የለበትም፣ አንዲት ነጥብ የጠፋችበት 0.5 አምስት ሆኖ ሊነበብ ይችላል። የታማሚውን ውጤት ከነስሙና ከነፎቶው ብር ለማሰባሰቢያ ቻናል ላይ መለጠፍም ከባድ ነው፣ ቸግሮን ነው የምናደርገው፣ ግን ያ ልጅ ነገ ስራ ፈላጊ፣ ትዳር ፈላጊ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚያስፈልጋቸው ውስጥ ነው ያስቀመጠው። ስሙ የተሸፈነ ማስረጃ ይበቃል።

በመጨረሻ የማነሳው ክትባትን ነው። ንቅለ ተከላ ያደረገ ሰው በልጅነቱ የተከተበው ስለሚጠፋ ከ6 ወር እስከ 1 አመት ባለው ጊዜ ጀምሮ እንደ ህጻን እንደገና መከተብ አለበት፣ እንደ ኩፍኝ ያሉት ህያው ክትባቶች፣ የተዳከመ ግን በህይወት ያለ ቫይረስ ያለባቸው፣ ግን ቢያንስ 2 አመት ይጠበቅላቸዋል። ይሄን ቀጠሮ ማን ያስታውሳል? በዛ ሰዓት ሁሉም ሰው ድኗል ብሎ ተበትኗል። ሌላም አለ፣ የፖሊዮ ዘመቻ ሲመጣ ለህጻናት በአፍ የሚሰጠው ጠብታ ህያው ቫይረስ ስላለው በህጻኑ ሰገራ ለሳምንታት ይወጣል፣ እዛ ቤት በሽታ የመከላከል አቅሙ የወረደ ሰው ካለ ቀድሞ ከባለሙያ ጋር መነጋገር ያስፈልጋል፣ ህጻኑ ክትባት ይቅርበት ማለቴ በፍጹም አይደለም፣ በመርፌ የሚሰጠው መኖሩን መጠየቅ፣ ካልሆነም ታማሚው ለተወሰኑ ሳምንታት ዳይፐር እንዳይቀይርና ከህጻኑ ጋር ከመላፋት እንዲቆጠብ፣ እጅ በሳሙና እንዲታጠብ ማድረግ። አሜሪካ የአፍ ጠብታውን በ2000 እ.ኤ.አ. ስላቆመች እዛ የተሰራ አፕ ይሄን ጥያቄ ለመጠየቅ ምክንያት የለውም። እኛ ጋር ግን ቤት ለቤት የምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት፣ አሁን በብዙ ቀበሌ ታብሌት ይዛለች፣ የየቤቱ ሰው ዝርዝር እዛ ላይ አለ። ጤና ቢሮው እዛ መዝገብ ላይ "በዚህ ቤት ንቅለ ተከላ ያደረገ ወይ ኬሞ ላይ ያለ ሰው አለ" የምትል አንዲት መስመር ቢያስጨምር፣ ስሩ ደግሞ የደሴዋ ነርስ ስልክ ቢጻፍ፣ ባለሙያዋ ጠብታውን ይዛ በሩን ከማንኳኳቷ በፊት ታውቀዋለች፣ እግረ መንገዷንም የምታስታምመውን ሴት እንቅልፍ አግኝተሽ ነው ወይ ብላ ትጠይቃታለች።